ላሊበላን አይቶ የማለው ቄስ

የቤተ ጊዮርጊስን ፎቶ ከላይ በድሮን ተነስቶ ፌስቡክ ላይ ብትለቁት፣ ዛሬ ዛሬ ከሥሩ ኤአይ ነው የሚል ሰው አይጠፋም። አይግረማችሁ። የዛሬ 500 ዓመት ገደማ እዚያው ቦታ በእግሩ ደርሶ ያየ ሰው፣ ያገሬ ሰዎች ውሸታም ይሉኛል ብሎ ስለፈራ በእግዚአብሔር ስም ምሎ ጽፏል። ዛሬ የዚህን ሰው ታሪክ ይዘን መጥተናል።

ስሙ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ይባላል። ፖርቱጋላዊ ነው፣ የንጉሥ ማኑኤል ቤተ መንግሥት ቄስ። እቴጌ እሌኒ ማቴዎስ የሚባል መልእክተኛ ወደ ፖርቱጋል ልከው ስለነበር፣ እሱን አጅቦ መልስ የሚያደርስ ልዑክ እ.ኤ.አ. በ1515 ሲነሳ አልቫሬዝም አብሮ ወጣ። መንገዱ ግን አልቀና አለ። የልዑኩ መሪ የነበረው ሽማግሌ ዱዋርቴ ጋልቫው በቀይ ባሕር ካማራን ደሴት ላይ ሞተ። ምጽዋ የደረሱት በ1520 ነው፣ ካገራቸው በወጡ በአምስት ዓመት። ማቴዎስም ምድሩን በረገጠ በሳምንታት ውስጥ ዐረፈ። ከዚያ በኋላ ልዑኩን የመራው ሮድሪጎ ዴ ሊማ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ። አልቫሬዝ ከቤቱ ሲወጣ በጭንቅላቱ ይዞት የወጣው ኢትዮጵያን ሳይሆን የቄሱ ዮሐንስን አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ1165 አካባቢ አንድ የሐሰት ደብዳቤ በአውሮፓ ተሰራጨ። ላኪው ቄሱ ዮሐንስ የሚባል ኃያል ክርስቲያን ንጉሥ ነው ተባለ። 72 ነገሥታት ይገብሩለታል፣ ከገነት የሚወርድ ወንዙ ዕንቁ ያፈሳል፣ ሽማግሌ ወጣት የሚያደርግ ምንጭ አለው፣ ግዛቱን ሁሉ ቁጭ ብሎ የሚያይበት መስታወትም አለው (የዛሬውን የደኅንነት ካሜራ አስቀድሞ ያለመ ሰው ነበር ማለት ነው!)። ደብዳቤው በየቋንቋው እየተተረጎመ፣ ገልባጩ ሁሉ አንዳንድ ነገር እየጨመረበት ለመቶዎች ዓመታት ኖረ። ንጉሡ መጀመሪያ በሕንድና በእስያ ተፈለገ፣ ሲጠፋ ጊዜ ኢትዮጵያ ነው ያለው ተባለ።

ለምን ታመነ? የመስቀል ጦርነት ዘመን ነው። አውሮፓ ከእስላሞቹ ጀርባ የሚነሳላት ክርስቲያን ንጉሥ አጥብቃ ትፈልግ ነበር። ሰው የሚፈልገውን ወሬ ሲያገኝ ማስረጃ አይጠይቅም። ልብ በሉ፣ ያ ደብዳቤ ሲባዛ በነበረበት በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው ላስታ ውስጥ ንጉሥ ላሊበላ የነገሠው። ዕንቁ የሚያፈሰውን ወንዝ ያመነች አውሮፓ ስለ አለቱ ሥራ የምትሰማው ከ300 ዓመት በላይ ቆይታ ነው።

አልቫሬዝና ጓደኞቹ በትግራይ አልፈው፣ አክሱምን አይተው፣ ወደ ደቡብ ወረዱ። ቄሱ ሁሉን ይጽፋል። በዋሻ ውስጥ የተሠራውን ይምርሐነ ክርስቶስን ሲገልጽ የዋሻውን ስፋት ለመርከበኛ ሕዝብ በሚገባ ነገር መሰለው፤ ሦስት ትልልቅ መርከቦች ከነምሰሶአቸው ያስገባል አለ። ላሊበላ ሲደርስ ደግሞ አብያተ ክርስቲያናቱን በየስማቸው ዘረዘረ፤ ርዝመትና ስፋታቸውን በስንዝር ጻፈ፣ ዓምዶቹን ቆጠረ። መድኃኔ ዓለምን፣ አማኑኤልን፣ ማርያምን፣ ጎልጎታን፣ ቤተ ጊዮርጊስን። ከዚያ መሐል ላይ ብዕሩ ቆመ። ከዚህ በላይ ብጽፍ የሚያምነኝ የለም፣ የጻፍኩትንም ሐሰት ይሉኛል ብሎ ሰጋ። የጻፈው ሁሉ እውነት እንደሆነ፣ እንዲያውም እውነቱ ከጻፈው እንደሚበልጥ ማለ። ለቄሱ ዮሐንስ ደብዳቤ መሐላ የጠየቀ አልነበረም። በዓይኑ ያየው ግን መማል ነበረበት።

ስለዚህ ሰው ያነሳንበት ዋና ነገር ግን ሌላ ነው። አልቫሬዝ ያየውን አየሁ፣ የሰማውን ነገሩኝ እያለ ለይቶ ነው የሚጽፈው። ሥራው 24 ዓመት እንደፈጀ ነገሩኝ ይላል። ነጮች፣ ግብጻውያን ናቸው የሠሩት እንደተባለም ያንኑ ነገሩኝ ብሎ አስቀመጠ። ታዲያ ምን ሆነ? በኋላ የመጡት ነገሩኝ የምትለዋን ቃል ጣሏት፣ ወሬዋን ይዘው ሄዱ። ላስታ የራሱን አለት አልጠረበም፣ የውጭ ሰው ጠርቦለት ነው የሚለው ተረት ስንት ዘመን ሲደጋገም እንደኖረ የምታውቁት ነው። ዛሬም በየዩቲዩቡ አለ።

ይሄ ነገር በማኅበራዊ ሥነ ልቦና ስም አለው፤ ዘግይቶ የሚነቃ ተጽዕኖ ልንለው እንችላለን። ካርል ሆቭላንድና ዋልተር ዋይስ የተባሉ አሜሪካውያን በ1951 ያሳተሙት ሙከራ አለ። አንድ ዓይነት ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። ለምሳሌ በአቶሚክ ኃይል የሚሄድ ሰርጓጅ መርከብ መሥራት ይቻላል ወይ የሚል። ለግማሾቹ የጻፈው ሳይንቲስቱ ኦፐንሃይመር ነው አሏቸው፣ ለግማሾቹ የሶቪየቱ ጋዜጣ ፕራቭዳ ነው አሏቸው። መጀመሪያ ላይ ኦፐንሃይመር የተባሉት ይበልጥ አመኑ። ከአራት ሳምንት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ሰው ማን እንዳለው ይረሳል፣ የተባለው ይቀረዋል። ስክሪንሾት ማለት እኮ ይሄው ነው፣ ምንጩ ተቆርጦ ወሬው ብቻ ሼር የሚደረግ። ኮምፒውተር የሚማሩ ልጆቻችን ኔትወርክ መዘርጋት ይማራሉ፤ በተዘረጋው ላይ የሚሄደው ነገር በሰው ጭንቅላት ውስጥ ምን እንደሚሆን ግን ማን ነው የሚያስተምራቸው?

በ2013 ዓ.ም. ክረምት ላሊበላ በጦርነቱ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ስትገባ ስልክም ኢንተርኔትም ተቋርጦ ነበር። አዲስ አበባም ዲሲም ያለ የላስታ ልጅ ቤተሰቡ ይኑር አይኑር፣ አብያተ ክርስቲያናቱ ይትረፉ አይትረፉ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም። በየቴሌግራሙ የሚለቀቀውን ሁሉ ስናነብ የሰነበትነው ለዚያ ነው። ጎርደን ኦልፖርትና ሊዮ ፖስትማን ወሬ የሚያብጠው ጉዳዩ ለሰው ወሳኝ ሲሆንና ነገሩ ሲድበሰበስ ነው ብለው በ1947 ጽፈዋል። ሁለቱም ነበሩ።

ወደ ቄሱ እንመለስ። ከዐፄ ልብነ ድንግል ቤተ መንግሥት በ1520 መጨረሻ ላይ ደረሱ። እዚያ ፔሮ ዳ ኮቪላ የሚባል ፖርቱጋላዊ አገኙ፤ ከሠላሳ ዓመት በፊት ካገሩ የወጣ ሰላይ ነው። ገብቶ እንዳይወጣ ተከለከለ፣ መሬት ተሰጠው፣ ሚስት አገባ፣ እዚሁ ቀረ። ታሪኩን ለአልቫሬዝ አጫወተው፤ ዛሬ ስለሱ ብዙ የምናውቀው አልቫሬዝ ስለጻፈው ነው። ንጉሡ ለፖርቱጋል በጻፉት ደብዳቤ ከጠየቋቸው ባለሙያዎች መካከል መጽሐፍ በማተሚያ የሚሠሩ ሰዎች ይገኙበታል። የዘመኑን የመረጃ ቴክኖሎጂ ጠይቀው ነበር። አልመጣላቸውም።

ልዑኩ ከስድስት ዓመት ቆይታ በኋላ በ1526 ወጣ። ጸጋ ዘአብ የሚባሉ ኢትዮጵያዊ መነኩሴ በንጉሡ አምባሳደርነት አብረው ሄዱ። ሊዝበን ግን አላመነቻቸውም። የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ሃይማኖታቸውን እየመረመሩ ሲከራከሯቸው ዓመታት አለፉ፤ ከቁርባንም ተከለከሉ። በ1533 ቦሎኛ ላይ የልብነ ድንግልን ደብዳቤ ለጳጳሱ ለክሌመንት 7ኛ ያቀረበው አልቫሬዝ ነው። ጸጋ ዘአብ በበኩላቸው የኢትዮጵያን እምነት ራሳቸው ጻፉ።

1540 ደረሰ። ልብነ ድንግል በግራኝ ጦር ሲሳደዱ ኖረው በዚያ ዓመት ደብረ ዳሞ ላይ ዐረፉ። በዚያው ዓመት የአልቫሬዝ መጽሐፍ ሊዝበን ታተመ። ርዕሱ ስለ ቄሱ ዮሐንስ አገር እውነተኛ መረጃ የሚል ነው፤ አባ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ እንዳየውና እንደጻፈው የሚልም ተጨምሮበታል። አሁንም ቄሱ ዮሐንስ! የጸጋ ዘአብ ጽሑፍም በዚያው ዓመት ዳሚያው ደ ጎይስ በተባለ ፖርቱጋላዊ ምሁር አማካይነት ሉቨን ከተማ በላቲን ወጣ። የቄሱን መጽሐፍ ራሙሲዮ በ1550 በጣልያንኛ አወጣው፣ በሌሎች ቋንቋዎችም ተተረጎመ። የኢትዮጵያዊውን ጽሑፍ የያዘው መጽሐፍ ግን በ1541 ፖርቱጋል ውስጥ እንዳይሸጥ የእምነት መርማሪው ፍርድ ቤት ከለከለው።