ሰማይን ለራሱ የወሰደው ሠዓሊ

አንድ ሸራ ነው። ከዳር እስከ ዳር ሰማያዊ። መስመር የለው፣ ምስል የለው። ዋጋው ግን በሚሊዮን ዶላር ይቆጠራል። ይሄንንማ እኔም እቀባዋለሁ ካላችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም፤ ፓሪስም በጊዜዋ እንደዚያው ብላ ስቃለች።

ሠዓሊው ኢቭ ክላይን ይባላል። በ1928 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች ናቸው) በደቡብ ፈረንሳይ፣ ኒስ ተወለደ። እናቱም አባቱም ሠዓሊዎች ነበሩ። ወጣት ሳለ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ባሕሩ ዳር ሆነው ዓለምን ሲከፋፈሉ ለሱ የደረሰው ሰማይ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰማዩን ይቀዳድዱብኛል ብሎ ወፎችን ጠላ! ቶኪዮ ሄዶ በጁዶ ጥቁር ቀበቶ፣ አራተኛ ዳን ይዞ ተመለሰ፤ ፓሪስም ጁዶ አስተማረ።

በ1955 አንድ ወጥ ብርቱካናማ ሸራ ለዐውደ ርእይ አስገባ። ዳኞቹ አልተቀበሉትም። እስቲ አንድ መስመር ወይ አንድ ነጥብ ጨምርበት ተባለ። እምቢ አለ።

ለኔ የታሪኩ ዋና ነገር ቀለሙ ነው። አልትራማሪን የሚባለው ሰማያዊ ዱቄት ሆኖ ስታዩት ያበራል። በዘይት ሲበጠበጥ ግን ይጨልማል፣ ይሞታል። ክላይን ይሄ አላስተኛውም። ኤዱዋር አዳም ከሚባል የፓሪስ ቀለም ነጋዴ ጋር ሆኖ ሰው ሠራሽ ሙጫ አገኘ፤ ዱቄቱን ያጣብቀዋል እንጂ ብርሃኑን አይገድለውም። ሸራው ደርቆም ገና አሁን ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል። ስልክ ላይ ይሄ አይታይም፤ ስክሪን ላይ ተራ ሰማያዊ ነው። በ1960 አሠራሩን አስመዘገበ። ብዙዎች ፓተንት አወጣ ይላሉ፤ ያስመዘገበው ግን ሐሳቡ የሱ መሆኑንና ቀኑን የሚያረጋግጥ ፖስታ ብቻ ነው።

በ1957 ሚላን ላይ 11 ሰማያዊ ሸራዎች አሳየ። በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ባዶ ክፍል ከፍቶ ሕዝብ ጠራ፤ ሰውም ጎረፈ። ኋላማ ባዶ ቦታን በወርቅ መሸጥ ጀመረ። ገዢው ደረሰኙን ካቃጠለ ክላይን የወርቁን ግማሽ ሴን ወንዝ ውስጥ ይጥላል።

አጭበርባሪ ነበር? እኔ አይመስለኝም። በ1961 ጣሊያን፣ ካሺያ ወዳለው የቅድስት ሪታ ገዳም ሄዶ ስለት አስገባ። ሰማያዊና ሮዝ ዱቄት፣ ወርቅ፣ በእጁ የተጻፈ ጸሎት፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን። ስሙን እንኳን አልተናገረም። የማን እንደሆነ የታወቀው ከሞተ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ለታይታ የሚኖር ሰው እንዲህ ያለውን ነገር አይደብቅም።

ሜይ 1962 ላይ ካን ፊልም ፌስቲቫል ሄደ። ሥራውን ያሳየው ፊልም መሳለቂያ አድርጎት አገኘው። በዚያው ሰሞን ልቡን ታመመ፤ ጁን 6 ቀን በ34 ዓመቱ ሞተ። ሚስቱ ሮትራውት ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። ኦገስት ላይ ወንድ ልጅ ወለደች፤ ስሙም ኢቭ ተባለ።