ቅድስት ዣን ዡጋን፦ አረጋውያንን ወደ ኅብረት የጠራች እናት

በየቁምስናው አረጋውያንን የሚጎበኙ ምእመናንና የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ደጋግመው የሚያነሡት አንድ ችግር አለ። በመጦሪያ ቤት የሚኖሩ አባቶችና እናቶች ለመቁጠሪያ ጸሎት፣ ለመዝሙር ወይም ለእጅ ሥራ በአንድነት ሲጠሩ፣ ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ከአልጋቸው ላይ ይቀራሉ። የጠራቸውም ሰው አዝኖ ይመለሳል። በዚህ እትማችን የአንዲት ቅድስት የሕይወት ታሪክ የምናቀርበው ለዚህ ችግር ብርሃን የሚሰጥ ሆኖ ስላገኘነው ነው። የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዣን ዡጋን በኦክቶበር 25 ቀን 1792 በሰሜን ምዕራብ ፈረንሳይ፣ በብሪታኒ ጠረፍ በምትገኘው ካንካል በተባለች የዓሣ አጥማጆች ከተማ ተወለደች። ዓሣ አጥማጅ የነበረው አባቷ ገና አራት ዓመት ሳይሞላት ወደ ባሕር እንደ ወጣ ቀረ። እናቷ ልጆቿን ያሳደገችው በጉልበቷ ሠርታ ነው። ዘመኑ የፈረንሳይ አብዮት ዘመን ስለ ነበር ካህናት ይሰደዱ፣ አብያተ ክርስቲያናት ይዘጉ ነበር፤ ሕፃናትም ትምህርተ ክርስቶስን በየቤቱ በስውር ይማሩ ነበር። ዣን በ16 ዓመቷ በአንዲት ባለጸጋ ቤት የወጥ ቤት ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። አንድ ወጣት መርከበኛ ለጋብቻ ቢጠይቃትም ሕይወቷን ለእግዚአብሔር ማቆየት ስለ ፈለገች አልተቀበለችውም። በ1817 ሴን ሰርቫን ወደምትባለው ከተማ ሄዳ በሆስፒታል ሕሙማንን አገለገለች፤ ኃይሏ ሲደክምም በአንዲት ደግ ሴት ቤት 12 ዓመት ያህል ሠራች። እስከ 47 ዓመቷ ድረስ ሰዎች የሚያውቋት እንደ አንዲት ትሑት የቤት ሠራተኛ ብቻ ነበር።

በ1839 ክረምት አን ሾቨን የተባሉ ዓይነ ስውርና ሰውነታቸው የሰለለ አረጋዊት ያለ ረዳት መቅረታቸውን አየች። ተሸክማ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወደ ተከራየችው ጠባብ ቤት አስገባቻቸው፤ የራሷንም አልጋ ሰጠቻቸው። ብዙም ሳይቆይ ሌላ አረጋዊት ተጨመሩ። በ1841 ቀድሞ መጠጥ ይሸጥበት የነበረ ሰፊ ቤት ተከራይታ 12 አረጋውያንን ሰበሰበች፤ በ1842 ደግሞ 40 ሰዎችን ሊያስጠልል የሚችል አሮጌ ገዳም ተገዛ። ዛሬ የድኾች ታናናሽ እኅቶች ተብሎ የሚታወቀው የደናግል ማኅበር የተጀመረው እንዲህ ነው።

ይሁን እንጂ አረጋውያንን ከጣሪያ በታች ማስገባት አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ቤት በሰላም አብረው እንዲኖሩ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ከመጡት ሴቶች ብዙዎቹ በልመና የኖሩ ስለ ነበሩ፣ መኝታና ምግብ ካገኙ በኋላም እንደ ልማዳቸው ወደ ጎዳና ይወጡ ነበር፤ ጥቂቶቹም ያገኙትን በመጠጥ ያጠፉት ነበር። ዣን ስለዚህ አላዋረደቻቸውም። ይልቁንም በእነርሱ ፈንታ ራሷ ልትለምን ተስማማች፤ ይመጸውቷቸው የነበሩትን ሰዎች ስምም ከእነርሱ ተረዳች። ቅርጫቷን ይዛ በየደጁ እየዞረች ለአረጋውያኑ ትለምን ጀመር። እዚህ ላይ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። እነዚያ ድኾች እናቶች ከልመና ሕይወታቸው የተረፋቸው ሀብት የለጋሾቹን ቤት ማወቃቸው ብቻ ነበር፤ ዣንም ያንኑ ለቤቱ ሁሉ ጥቅም እንዲያውሉት አደረገች። ተረጂ ሆነው የገቡት ቤቱን ለማቆም ረዳቶች ሆኑ።

በቤቱ ውስጥም እንዲሁ ነበር። ለመሥራት ጥቂት አቅም የቀረው ሁሉ ድርሻ ነበረው። አንዷ ሱፍ ታበጥራለች፣ ሌላዋ ክር ትፈትላለች፤ ከሥራቸው የሚገኘው ጥቂት ገንዘብም ለቤቱ መኖሪያ ይውል ነበር። በአገራችን ያረጁ እናቶች ዓይናቸው ደክሞ እንኳ እንዝርታቸውን ከእጃቸው እንደማይለዩ የምናውቅ ሁሉ፣ የዚህ ሥራ ዋጋ በገንዘብ ብቻ እንደማይለካ እናስተውላለን። አብሮ የሚሠራ ሰው አብሮ ይጫወታል፤ አብሮ የሚጫወት ሰውም አብሮ ለመጸለይ አይከብደውም።

ከዚህ በኋላ መከራው በዣን በራሷ ላይ መጣ። እኅቶቿ በ1843 መጨረሻ እንደገና አለቃ አድርገው ቢመርጧትም፣ የማኅበሩ መሪ ካህን የነበሩት አባ ኦጉስት ለ ፓዬር ምርጫውን ሽረው በእርስዋ ቦታ የ20 ዓመት ዕድሜ ያለፋትን ወጣት እኅት ሾሙ። ዣን ያለ ማጉረምረም ለልመና ወጣች። በ1845 የፈረንሳይ አካዳሚ ስለ በጎ ሥራዋ የ3,000 ፍራንክ ሽልማት ሰጣት፤ በሬን፣ በዲናንና በሌሎችም ከተሞች ቤቶች ሲከፈቱ ብዙ ደከመች። በ1852 ግን ወደ ማኅበሩ ዋና ቤት ተጠርታ ከበጎ አድራጊዎች ጋር የነበራት ግንኙነት እንዲቋረጥ ታዘዘ። ያን ጊዜ 60ኛ ዓመቷን ይዛ ነበር። ከዚያ በኋላ 27 ዓመት በስውር ኖረች።

አረጋውያንን ከብቸኝነት ያወጣች እናት በእርጅናዋ እንዲህ ተገለለች። ፊቷን ወደ ግድግዳ ብታዞር ማን ይፈርድባት ነበር? እርስዋ ግን ለምንኵስና ከሚዘጋጁት ወጣቶች ጋር ኖረች፤ የእጅ ሥራቸውን ተቆጣጠረች፤ አብራቸው ጸለየች፤ ዓይኗ ሲደክምም በምርኩዝ እየሄደች ከመካከላቸው አልተለየችም። ብዙዎቹ ማኅበሩን የመሠረተችው እርስዋ መሆንዋን አያውቁም ነበር። በኦገስት 29 ቀን 1879 በ86 ዓመቷ ስታርፍ የእኅቶቹ ቁጥር 2,400 ያህል ደርሶ ነበር። አባ ለ ፓዬር በ1890 በቅድስት መንበር ውሳኔ ከመሪነት ተነሡ፤ እውነቱም ቀስ በቀስ ተገለጠ። ር.ሊ.ጳ. ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1982 ብፅዕት፣ ር.ሊ.ጳ. በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 ቅድስት ብለው ሰየሟት። በዓሏ ኦገስት 30 ቀን ይከበራል።

ከዚህ ሕይወት ምን እንማራለን? እኛ ካህናትም ሆንን መምህራን አረጋውያንን ስንጠራ ብዙ ጊዜ በደጅ ቆመን ፕሮግራሙን እንናገራለን፣ የመጡትንም እንቆጥራለን። ቅድስት ዣን ግን የጀመረችው ከአንድ ሰው ነው። እንግዲህ በመጀመሪያ ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠን የሰውየውን ስም፣ የትውልድ መንደሩንና የቀድሞ ሙያውን እንወቅ። የማይመጣበትንም ምክንያት በትዕግሥት እንጠይቅ፤ ጆሮው የማይሰማ፣ ልብሱ ያሳፈረው፣ ወይም የትዳር ጓደኛውን ገና የሚያለቅስ ሊሆን ይችላል። ቀጥሎም እርሱ ብቻ ሊሰጠን የሚችለውን ነገር እንለምነው። መዝሙር የሚያውቁት እናት ለወጣቶች ያስተምሩ፤ ሸማኔ የነበሩት አባት የልጆቹን ሥራ ይመልከቱ፤ መነሣት የማይችሉትም ስለ አንድ የታመመ ሕፃን እንዲጸልዩ አደራ ይሰጣቸው። ዛሬ እምቢ ያሉትን አናስገድድ፤ ነገ ግን ተመልሰን እንሂድ።

አረጋዊ ሰው ለመዝናናት ቢጠራ ላይነሣ ይችላል፤ እንደሚፈለግ ሲያውቅ ግን ብዙ ጊዜ ምርኩዙን ይፈልጋል። ቅድስት ዣን ዡጋን በአማላጅነቷ ይህን የፍቅር ጥበብ ታሰጠን። አሜን።