የጥላሁን ሸክላ

በ1987 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ልገባ ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስነሳ፣ አባቴ ሳያውቅ ሸክላዎቹን በሙሉ ለቆራሌ ሸጥኩ። አርባ ያህል ነበሩ። ዘመኑ የካሴት ነው፤ ማን ይፈልጋቸዋል ብዬ ነው። ያገኘሁት ገንዘብ ከአውቶቡስ ቲኬትና ደጀን ላይ ከበላሁት ምሳ አላለፈም። አባቴ ሲሰማ አንዲት ቃል አልተናገረኝም። ቅዳሜ ማታ፣ ቅዳሜ ማታ የጥላሁን ገሠሠን ሸክላ ሳይከፍት አይተኛም ነበርና ዝምታው ስለየትኛው እንደሆነ አውቄዋለሁ።

የጥላሁንን ስም የማያውቅ የለም። ቢሆንም የሸክላው ነገር እንዲገባችሁ ሕይወቱን ባጭሩ ላውጋችሁ።

የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ነው። ያደገው ግን ወሊሶ፣ አያቱ ዘንድ ነበር። አያቱ ትምህርቱን እንዲገፋ ይፈልጋሉ፤ የልጁ ልብ ዘፈን ላይ ነው። የሀገር ፍቅር ቲያትር ቡድን ወሊሶ መጥቶ ሲጫወት ካየ በኋላማ የሚይዘው ጠፋ። ከቤት ኮብልሎ በእግሩ ወደ ቱሉ ቦሎ አቀና። ቢመልሱትም አልተቀመጠም፤ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አዲስ አበባ ገብቶ ሀገር ፍቅር ተቀጠረ።

ቀጥሎ ወደ ክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ተዛወረ፤ ስሙም እዚያ ገነነ። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የክብር ዘበኛ መኮንኖች የሞከሩት መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ ከታሰሩት አንዱ እሱ ነበር። ሲፈታ ግን ዘፈኑን አልተወም፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ያንጎራጉር ጀመር።

ያኔ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ይህን አጥር የጣሰው ወጣቱ አምሃ እሸቴ ነው። ካይፋን የመሳሰሉ አሳታሚዎችም ተከተሉ። የምዕራቡ ወጣት በከባድ ሮክ በሚናጥባቸው በእነዚያው ዓመታት፣ የእኛም ሙዚቀኞች ኤሌክትሪክ ጊታርና ኦርጋን ከሳክስፎንና ትራምፔት ጋር አዋሕደው አዲስ አበባን ያደምቁ ነበር። አብዮቱ መጣ፤ ሰዓት እላፊው የምሽት ክበቦችን አቀዘቀዘ፤ ካሴት ተተካ። በ1970 ዓ.ም. ገደማ የሸክላ ኅትመት አበቃ። እንግዲህ ያለው ያው የታተመው ነው፤ አንዱ በተሰበረ ቁጥር ይጎድላል እንጂ አይተካም።

ይህን የተረዳሁት ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ የጀመረውን «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ ሲዲ ሳዳምጥ ነው። 17ኛው ቅጽ የጥላሁን ነው። የውጭ ሰዎች እነዚያን ሸክላዎች በውድ ዋጋ እንደሚያሳድዱ ሳውቅ፣ ቆራሌው ጆንያውን ተሸክሞ ሲወጣ ታየኝ።

ጥላሁን በስኳር ሕመም እግሩን ካጣ በኋላም ከመድረክ አልራቀም። ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም.፣ በፋሲካ ዕለት አረፈ። ቀብሩ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲፈጸም ሕዝቡ መንገድ ሞልቶ አለቀሰ። አባቴ ሥርዓቱን ማርቆስ ሆኖ በቴሌቪዥን ተከታተለ፤ ያን ቀንም ስለ ሸክላዎቹ ምንም አላለኝም።

በ2009 ዓ.ም. ለእረፍት ስሄድ ፍለጋዬን ጀመርኩ። ድሮ ቡና ቤት የነበራቸውን ሰዎች እየጠየቅኩ ሳምንት ዞርኩ። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት ጓዳቸው አስገቡኝ። ሸክላዎቻቸው የእንስራ መክደኛ ሆነዋል! ከመካከላቸው አንዱ፣ ዳሩ የተሸረፈ፣ የጥላሁን ነበር። ገንዘብ ባወጣም እንቢ አሉኝ፤ የጠየቁኝ ሌላ መክደኛ ብቻ ነው።

ማጫወቻ ከጓደኛ ተውሼ አባቴ ፊት ከፈትኩት። ይንኮሻኮሻል፤ መሀል ላይ ይዘላል። አባቴ ዐይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ በጣቱ ወደ ሸክላው አመለከተኝ፤ ገልብጠው ማለቱ ነው። ገለበጥኩት።