የዶክተር አክሊሉ ለማ እንዶድ፦ ለቀንድ አውጣው እንጂ ለሆድ አይደለም

ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ሲጓዙ የአዋበል ወረዳዋን ሉማሜን ያገኛሉ። በሉማሜ ዙሪያም ሆነ በሌላው የጎጃም ደጋ እንዶድን የማያውቅ ሰው ማግኘት ያስቸግራል። ፍሬው ደርቆና ተወቅጦ ጋቢና ነጠላ ሲያነጻ የኖረ የእናቶቻችን ሳሙና ነው። ይህን ተክል የዓለም ተመራማሪዎች መነጋገሪያ ያደረጉት ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስትና መምህር ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው። ዛሬ ታሪካቸውን የምናነሳው በሙሉ ሲታወቅ ከበሽታ የሚጠብቅ፣ በግማሽ ሲወራ ግን ለአደጋ የሚያጋልጥ በመሆኑ ነው። እንዶድ ቢልሃርዚያን ያድናል ሲባል ሰምተው ከሆነ፣ የሰሙት ግማሹን ብቻ ነው።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ. በ1935 በምሥራቅ ኢትዮጵያ ተወለዱ። የዶክትሬት ትምህርታቸውን የተከታተሉት በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1964 ስለ ቢልሃርዚያ ለማጥናት ዓድዋ ሄደው ሳለ ሴቶች ወንዝ ዳር በእንዶድ ልብስ ሲያጥቡ ተመለከቱ። አረፋው በሚወርድበት በኩል በርካታ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር። ብዙ ሰው አይቶ የሚያልፈውን ነገር እሳቸው ምርምር አደረጉት።

የቀንድ አውጣ መሞት ለምን አስፈለገ? የቢልሃርዚያ ትል እንቁላል ከታመመ ሰው ዓይነ ምድር ወይም ሽንት ጋር ወንዝ ወይም ሐይቅ ውስጥ ይገባል። እዚያ ተፈልፍሎ ቀንድ አውጣ ውስጥ ይራባል። ከዚያም በዓይን የማይታይ ዕጭ ሆኖ ይወጣና ውሃ ውስጥ የገባን ሰው ቆዳ በስቶ ደም ሥር ውስጥ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ ሰንሰለቱ ይበጠሳል።

ዶክተር አክሊሉ የመጀመሪያ ውጤታቸውን በ1965 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት አሳተሙ። በዓመቱ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን አቋቋሙ። በ1970 ደግሞ በቤተ ሙከራና በወንዝ ላይ ያደረጉት ሰፊ ጥናት በዓለም ጤና ድርጅት መጽሔት ወጣ። ከ1969 እስከ 1974 በዓድዋ በተካሄደው የአምስት ዓመት ሙከራ በትንንሽ ሕፃናት ላይ የበሽታው ስርጭት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ።

ምሁራን የአንድን ጥናት ክብደት ከሚለኩባቸው መንገዶች አንዱ በሌሎች ጥናቶች ምን ያህል እንደተጠቀሰ ማየት ነው። በዚህ መለኪያ የዶክተር አክሊሉ ሥራ ከፍ ያለ ቦታ አለው። በአሜሪካ ቀንድ አውጣውን የሚገድለውን ንጥረ ነገር ለይተው ያወጡ ኬሚስቶች በእሳቸው ስም ለማቶክሲን ብለው ሰየሙት። ይሁን እንጂ መጠቀስና መታመን አንድ አልነበሩም። ተክሉ ለሰውና ለአካባቢ ያለው ጉዳት በውጭ ቤተ ሙከራዎች እንዲረጋገጥ በተደጋጋሚ ሲጠየቅ ዓመታት አለፉ። ዶክተር አክሊሉ ትልቁ እንቅፋት ተክሉ ሳይሆን በድሃ አገር ቤተ ሙከራ ላይ ያለው አለመተማመን መሆኑን አጥብቀው ይናገሩ ነበር። ቢሆንም ጥያቄውን በጥናት እንጂ በቁጣ አልመለሱም። ከሥራ ባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ ጋር ጥሩ ምርት የሚሰጠውና ኃይለኛው የእንዶድ ዝርያ፣ ዓይነት 44፣ ተለይቶ እንዲታወቅ አደረጉ። ሁለቱ በ1989 አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። ዶክተር አክሊሉ በ1997 አረፉ፤ ያቋቋሙት ኢንስቲትዩት ዛሬ በስማቸው ይጠራል።

እንግዲህ ከዚህ ሕይወት ለራስዎ የሚወስዱት ምንድን ነው? ጥናት አረጋገጠ የሚል ወሬ ሲሰሙ ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ የተሞከረው በምን ላይ ነው? ሌሎችስ ደግመው አረጋግጠውታል? መጠኑና ጉዳቱ ተጠንቷል? እንዶድ የተፈተነው ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ላይ ነው። በሰው ደም ሥር ያለውን ትል አይገድልም። ስለዚህ ለቢልሃርዚያም ሆነ ለኮሶ፣ ወይም ጽንስ ለማስወረድ ብለው ከቶ አይጠጡት፤ መርዝ ነው፣ ሊገድል ይችላል። ዓሣም ስለሚፈጅ በራስዎ ውሳኔ ወንዝ ውስጥ አይበትኑት።

የሉማሜ ሰው ደገኛ ነኝ ብሎም መዘናጋት የለበትም። ቀንድ አውጣው በብዛት የሚገኘው ሞቅ ባለ አካባቢ፣ ቀስ ብሎ በሚወርድ ወይም በቆመ ውሃ ውስጥ ነው። ለሥራ ወደ ቆላና ወደ መስኖ እርሻ የሚወርዱ ወጣቶች፣ ጣና ዳር የሚዋኙ ልጆች በሽታውን ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ።

በእንዲህ ዓይነት ውሃ አይዋኙ፣ በባዶ እግርዎም አይሻገሩ። ለገላ መታጠቢያ የቀዱትን ውሃ ያፍሉ ወይም ከድነው ሁለት ቀን ያቆዩት፤ ዕጩ ከዚያ በላይ አይኖርም። ውሃው ለመጠጥ ከሆነ ግን ማቆየቱ ስለማይበቃ ያፍሉት። ሽንት ቤት ይጠቀሙ፣ ከወንዝ ዳር አይጸዳዱ። ደም የቀላቀለ ተቅማጥ፣ የሆድ ቁርጠት፣ የሆድ ማበጥ ወይም ደም ያለው ሽንት ካዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ቆላ ውሃ ውስጥ ገብተው ከነበረም ለባለሙያው ይንገሩ። ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ትሉን ይገድላል። በትምህርት ቤት ሲታደልም ልጅዎ እንዲወስድ ያድርጉ። ነገር ግን የዳነ ሰው ተመልሶ እዚያው ውሃ ውስጥ ከገባ ደግሞ ይያዛል፤ ዶክተር አክሊሉ ዕድሜያቸውን በቀንድ አውጣው ላይ ያሳለፉትም ለዚህ ነው።