ጄምስ ማዲሰንና የደመወዝተኛው ቄስ ጥያቄ

አራተኛውን የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ጄምስ ማዲሰንን ብዙዎቻችን በስም እናውቀዋለን። እኛ ዛሬ የምናነሣው ግን ሹመቱን ሳይሆን፣ ከወጣትነቱ እስከ እርጅናው ያልተለየውን አንድ ጥያቄ ነው። ይኸውም መንግሥት ለቄስ ደመወዝ መክፈል ይገባዋልን? የሚል ነው። (ዘመኖቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማዲሰን በ1751 በቨርጂኒያ ተወለደ። ቨርጂኒያ ያን ጊዜ የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ስለ ነበረች የመንግሥት ሃይማኖቷ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ነበር። ለቀሳውስቷ መተዳደሪያ ግብር የሚከፍለው ምእመኗ ብቻ ሳይሆን ሌላውም ጭምር ነው። ያለ ፈቃድ የሰበኩ ባፕቲስቶችም ይታሰሩ ነበር። ማዲሰን ያደገው በዚችው የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን ቢሆንም፣ በ1774 በአጎራባች አውራጃ ሰባኪዎች መታሰራቸውን ሲሰማ ስለ እነርሱ ተቆረቆረ።

በ1776 ቨርጂኒያ የራሷን ሕገ መንግሥትና የመብቶች መግለጫ ስታወጣ የ25 ዓመቱ ማዲሰን የጉባኤው አባል ነበር። በጆርጅ ሜሰን የተዘጋጀው ረቂቅ ሌሎች እምነቶችን መንግሥት እንዲታገሣቸው ይል ነበር። መታገሥ ግን ችሮታ ነው፤ የሰጠ መልሶ ሊነሣ ይችላል። በማዲሰን አሳሳቢነት ቃሉ ተለውጦ፣ ሃይማኖትን በነጻ መከተል የሰው ሁሉ እኩል መብት ነው ተብሎ ተጻፈ።

ትግሉ በዚህ አላበቃም። በ1784 ፓትሪክ ሄንሪ ለክርስትና መምህራን የሚውል ግብር እንዲጣል ሐሳብ አቀረበ። ማዲሰን በ1785 አሥራ አምስት ምክንያቶች ዘርዝሮ ተቃወመ፤ ሕዝቡም በብዛት ፈረመ። ግብሩ ቀረ፤ በ1786 ጀፈርሰን ያረቀቀው የሃይማኖት ነጻነት ሕግ ጸደቀ።

በ1789 ማዲሰን የሃይማኖት ነጻነትን የሚጠብቀውን ማሻሻያ ለአሜሪካ ምክር ቤት አቀረበ። በዚያው ዓመት ግን ምክር ቤቱ በመንግሥት ገንዘብ ቄሶች ቀጠረ። ማዲሰን በሽምግልናው በተዋቸው ማስታወሻዎች ይህን አጥብቆ ነቀፈ። ደመወዙን ሕዝብ ሁሉ ይከፍላል፤ ቄሱን የሚመርጠው ግን የብዙኃኑ ድምፅ ነው፤ እንግዲያው ካቶሊኩና ኩዌከሩ መቼ ይመረጣሉ? አባላቱ ቄስ ከፈለጉ ከየኪሳቸው አዋጥተው ይክፈሉ የሚል ነበር አሳቡ። ጸሎትን አልጠላም፤ የጠላው በግዴታ የሚከፈልበትን ጸሎት ነው።

ይሁን እንጂ ማዲሰንን ያለ ነቀፋ አድርገን አናቀርበውም። ስለ ኅሊና ነጻነት ይህን ያህል የተከራከረው ሰው ባሪያዎች ነበሩት፤ በ1836 ሲሞትም ነጻ አላወጣቸውም።

ጥያቄውም አብሮት አልተቀበረም። የነብራስካ ክፍለ ግዛት ምክር ቤት ለቄሱ ደመወዝ በመክፈሉ ተከሶ፣ በ1983 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት 6 ለ3 በሆነ ድምፅ ልማዱን አጸደቀ። የፈቀዱትም የተቃወሙትም ዳኞች ማዲሰንን ለምስክርነት ጠቅሰዋል።

እንግዲህ ወጣቶች፣ የሃይማኖት ነጻነት ሲነሣ በቍጥር የምንበዛ ስንሆን የምንለውን ብቻ አንመዝን። በቍጥር ጥቂት ብንሆን፣ ያንኑ ሕግ ለራሳችን እንወደው ነበርን?