ዣን ባቲስት አርባን

ዣን ባቲስት አርባን (እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1825 – ኤፕሪል 1889) ፈረንሳዊ የኮርኔት ተጫዋች፣ የኦርኬስትራ መሪና የሙዚቃ መምህር ነበር። ኮርኔት ትራምፔትን የሚመስል ግን አጠር ያለ፣ ባለ ፒስተን የነሐስ የትንፋሽ መሣሪያ ነው። አርባን ይበልጥ የሚታወቀው ፈጣን የምላስ ምትን ደረጃ በደረጃ በሚያስተምረው መጽሐፉ ነው።

የሕይወት ታሪክ

አርባን የተወለደው በሊዮን ከተማ ነው። በፓሪስ ኮንሰርቫቷር ከፍራንሷ ዶቨርኔ ትራምፔት ተምሮ በ1845 የመጀመሪያ ደረጃ ሽልማት አገኘ። በዚያ ዘመን ኮርኔት ገና አዲስ መሣሪያ ስለነበር ብዙዎች ለጭፈራ ሙዚቃ እንጂ ለከፍተኛ ትምህርት የሚበቃ አድርገው አይቆጥሩትም ነበር። አርባን በ1848 ለፍሉት የተጻፈ የቴኦባልድ ቦም ሥራ በኮርኔት በመጫወት፣ የፍሉት ተጫዋቾች የሚጠቀሙበት ፈጣን የምላስ ምት በነሐስ መሣሪያም እንደሚቻል አሳየ።

በ1857 ለጦር ሠራዊት ሙዚቀኞች የሳክስሆርን መምህር ሆነ። በ1869 ደግሞ በኮንሰርቫቷር የኮርኔት ክፍል ተከፍቶ መምህርነቱ ለእርሱ ተሰጠ። በ1874 ከሥራው ለቆ በ1880 ተመለሰ። በፓሪስ አረፈ።

የማስተማር ዘዴው

በትንፋሽ መሣሪያ ላይ እያንዳንዱ ድምፅ ጥርት ብሎ የሚጀምረው ምላስ ትንፋሹን ሲለቅ ነው። በተለመደው አነፋፍ ምላስ «ቱ» እንደሚል ይንቀሳቀሳል። ዜማው ሲፈጥን ግን የምላስ ጫፍ ብቻውን መድረስ ያቅተዋል። ስለዚህ የምላስ ጀርባ በ«ኩ» ያግዘዋል፤ በድርብ ምት «ቱ-ኩ»፣ በሦስትዮሽ ምት «ቱ-ቱ-ኩ» ይሆናል።

ዘዴውን የፈጠረው አርባን አይደለም። ጣሊያናዊው ጂሮላሞ ፋንቲኒ በ1638 ባሳተመው የመለከት መጽሐፍም ለምላስ የሚሆኑ ክፍለ ቃላት ይገኛሉ። የአርባን ድርሻ ማንኛውም ታታሪ ተማሪ ሊከተለው የሚችል ቅደም ተከተል ማበጀቱ ነው። በ1864 የወጣው መጽሐፉ ሦስትዮሹን ከድርቡ አስቀድሞ ያስተምራል፤ መጀመሪያ በአንድ ድምፅ ላይ፣ ቀጥሎም በተለያዩ ድምፆች። «ኩ» በተፈጥሮው ከ«ቱ» ስለሚደክም ተማሪው ሁለቱ እኩል እስኪሰሙ ድረስ በዝግታ መለማመድ አለበት፤ ፍጥነት የሚጨመረው ከዚያ በኋላ ነው።

ቅርስ

«የቬኒስ ካርኒቫል» በተባለው ዜማ ላይ የሠራቸው ልዩነቶች እስከ ዛሬ የኮርኔትና የትራምፔት ተጫዋቾች መፈተኛ ናቸው። መጽሐፉም ለትሮምቦንና ለዩፎኒየም ጭምር ተዘጋጅቶ አሁንም በማስተማሪያነት ያገለግላል።