የሚወድቀው ድመትና ሐኪሙ ማሬ

በአል ኾበር፣ በአል ዐዚዚያ ሰፈር በምንኖርበት ቤት አንዲት ድመት አለች። ማታ ከጥናት ስናርፍ ከኮምፒዩተሩ ፊት እናስቀምጣታለን። እግሯን ስትሰነዝር ካሜራው እንቅስቃሴዋን እየተከተለ በስክሪኑ ላይ ያለችውን የብርሃን ነጥብ ያሸሻል። አፍ የሌለው እንስሳ አንድም ቁልፍ ሳይነካ ኮምፒዩተር የሚያዝበት ጥበብ ምንጩ ከወዴት ነው ብለን ስንመረምር የአንድ የሙያ አባታችንን ታሪክ አገኘን።

ኤቲየን ዡል ማሬ እ.ኤ.አ. በ1830 በፈረንሳይ አገር፣ በቦን ከተማ ተወለደ። ምኞቱ መሐንዲስ መሆን ነበር፤ የአባቱ ፈቃድ ግን ሐኪም እንዲሆን ስለነበረ ፓሪስ ሄዶ ሕክምና ተማረ። ይሁን እንጂ የልጅነት ምኞቱን አልተወም። በ1860 ገደማ የደም ሥር ትርታን በወረቀት ላይ የሚጽፍ፣ በእጅ አንጓ ላይ የሚታሰር መሣሪያ ሠራ። በ1861 ከእንስሳት ሐኪሙ ከሾቮ ጋር ሆኖ በሕያው ፈረስ ልብ ውስጥ ቀጭን ቱቦ በማስገባት የልቡን ግፊት መዘገበ።

ነገር ግን የተወጋና የታሰረ እንስሳ እንደ ልቡ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ማሬ ሰውነትን ሳይጎዳ ወደ መመዝገብ አዘነበለ። በፈረስ ኮቴ ሥር አየር የያዘ ጫማ አድርጎ የግልቢያውን ምት አስመዘገበ። በ1882 በሴኮንድ 12 ምስል የሚያነሳ፣ ጠመንጃ የመሰለ ካሜራ ሠርቶ የሚበሩ ወፎችን ያለ ጥይት «ተኮሰ»። ከዚያም ሰውን ጥቁር ልብስ አልብሶ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ላይ ነጭ ምልክትና መስመር አድርጎ በጥቁር ግድግዳ ፊት አስኬደው፤ በፎቶግራፉ ላይ የቀረው የመስመሮቹና የነጥቦቹ ጉዞ ብቻ ነበር። የዛሬው የእንቅስቃሴ ክትትል ሥር ይህ ነው።

በ1894 ድመትን አራት እግሯን ወደ ላይ አስይዞ አስለቀቃት። ድመት በእግሯ የምታርፈው የጣይዋን እጅ ተደግፋ ስለምትገለበጥ ነው የሚሉ ሊቃውንት ነበሩ። ፎቶግራፎቹ ግን የፊት እግሯን ሰብስባ የኋላውን ዘርግታ በመጀመሪያ የፊት አካሏን፣ ቀጥሎም የኋላ አካሏን እንደምታዞር አሳዩ። ማሬ በ1904 በፓሪስ አረፈ።

በ2010 የሰውን አካል ያለ ምልክት የሚከታተለው ኪኔክት ለገበያ ቀረበ፤ በ2018 ደግሞ የእንስሳትን መገጣጠሚያ ከተራ ቪዲዮ ለይቶ የሚከተለው ዲፕላብከት ታተመ። በነጩ ምልክት ፋንታ አሁን ኮምፒዩተሩ ራሱ ነጥቡን ይፈልጋል።

ይህ ለእኛ የድመት ጨዋታ ብቻ አይደለም። በምንለማመድበት ክፍል ዐረብኛ የማትችል፣ ሕመሟን ማስረዳት ያቃታት የቤት ሠራተኛ እህታችን ስትገባ አይተናል። እሷ ከመናገሯ በፊት አረማመዷና የተሸከመችው ትከሻዋ ተናግረው ነበር፤ የሚያነብ ዓይን ግን ያስፈልጋል። ማሬ ያስተማረን አፍ ለሌለው አፍ የሚሆነው እንቅስቃሴው መሆኑን ነው። አገራችን ስንመለስ ውድ መሣሪያ ባናገኝ እንኳ፣ በእጃችን ባለው ስልክ የበሽተኛን እርምጃ ቀርጸን፣ ቀስ አድርገን ደጋግመን መመልከት ከዛሬው ልንለምደው የሚገባ ሥራ ነው።